የኦሪዮልን ጭንቅላት ያጠፋሁ ለት

በሺር ሰኞ ገበያ ያለውን የኳስ ማሳያ ቤቱን ግድግዳ «ሳልልኝ» ሲለኝ በዋጋው አልተከራከርኩም። የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፤ ከሥዕሉ ሥር ስሜን በትልቁ እንድጽፍ። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ አጥር ላይ ፀሐይ እያነደደኝ በሳልኩት ሥዕል ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ ባለዲፕሎማ ፈርሞበታል። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ስም ግድግዳ የሚያቆሽሽ መስሏቸው ነው። እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

«የፈለግከውን ተጫዋች ሳል» አለኝ። ስፔናዊውን አማካይ ኦሪዮልን ሳልኩ። ሲሮጥ የሚውለው እሱ፣ ኳስ የሚቀማው እሱ፣ ጎል ሲገባ ካሜራው አልፎት የሚሄደው እሱን። በቀኝ እግሩ ሊመታ ሲል፣ የባቱ ጅማት ሳይቀር አወጣሁት።

ስጨርስ በሺር ስልኩን ይዞ መጣ። ሁዘይፋ የሚባል ባጃጅ ነጂ አብሮት ነበር።

«አያ እንየው፣ ይሄ ማነው? የቤቱ ዘበኛ ነው?» አለ ሁዘይፋ።

«ኦሪዮል ነዋ! አንተ ኳስ ታያለህ ወይስ ትተኛለህ?»

በሺር ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። «ተከታዩን እየው፤ ሦስት ሚሊዮን! ዳቪንሆ መቶ ሚሊዮን። አንድ ቡድን፣ አንድ ማሊያ። ወላሂ፣ ተቀያሪው በረኛ እንኳ ይበልጠዋል!»

«ኳስ በስልክ ነው እንዴ የሚጫወቱት?»

«ሰው ፎቶ የሚነሳው ከሚያውቀው ጋር ነው፣ ወንድሜ። ጭንቅላቱን ብቻ በዳቪንሆ ለውጠው፤ ገላ ገላ ነው። አለዚያ ባነር አሳትሜ እለጥፍበታለሁ።»

ባነር! እንጀራዬን የነጠቀኝ እሱ ነው። ስሜ ከሚቀር ብዬ የኦሪዮልን ጭንቅላት በነጭ ቀለም አጠፋሁት። የዳቪንሆን ፀጉርና የጆሮ ጌጥ ተከልኩበት። ከሥሩ «ሠዓሊ እንየው ደሳለው፣ ሆጤ» ብዬ በቀይ ጻፍኩ።

ሰው እየተደገፈው ፎቶ ተነሳ። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ብዙም አልቆየ፤ ሁዘይፋ ባጃጁን አቁሞ እየሳቀ ወረደ። «አያ እንየው፣ ታወቅህ እኮ! ደሴም ኮምቦልቻም አንተን ነው የሚያየው።»

ስልኩን ተቀበልኩት። ቲክቶክ ላይ ሥዕሉ ተለቅቋል፤ ስሜ ጎልቶ ይታያል። አንዱ ከሥር «ዳቪንሆ ግራ እግረኛ ነው፤ በቀኝ ሲመታ ማን አየው? ይሄ እንየው የሚሉት ኳስ አይቶ አያውቅም» ብሎ ጽፏል። የሳቀበት ሰው ብዛት! እኔን ነው ኳስ አያውቅም የሚሉኝ! ግራ እግረኛነቱን አጥቼው ነው? ንዴት ይዞኝ እግሩን ማን አይቶ!

በሺር ጋ ሄድኩ። «እግሩን ላስተካክለው።»

«እንዳትነካው! ሊስቅበት ከኮምቦልቻ ድረስ እየመጣ ነው ሰዉ። ቤቱ ሞላ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«እሺ፣ ስሜን ላጥፋው።»

«ስምህ ከጠፋ ማንን ይስደቡ?» ብሎኝ ገባ።

አሁን ሰፈሬ ሆጤ ውስጥ እንየው የሚለኝ የለም። «አያ ቀኙ» ነው የሚሉኝ፤ ሚስቴም አንድ ቀን አምልጧት እንደዚያ ጠራችኝ።