እስከ ዓርብ የቆየው ጩኸት

«ማድረቂያው ጠፍቷል አልኩዎ እኮ ጋሼ! ካላመኑኝ ገብተው ሶኬቱን ያሽትቱት!»

«ማቀዝቀዣውስ?»

«እሱን ካጠፋሁ ሥጋዬ ሲበላሽ ማን ይከፍለኛል? ሳተላይቱ?»

ሐሊማ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ የጸጉር ቤቷን በር ዘግታ ቆማለች። ከኋላዋ ጸጉሯ በግማሽ የተሠራ ደንበኛ አንገቷን አስግጋ ታያለች። ገብረመድህን በአንድ እጁ ትንሽ ሬድዮ፣ በሌላው ከብረት ሜትር ቆራርጦ የሠራውን አንቴና ይዟል።

«ሐሊማ፣ ሰውየው የዓሣ አጥንት ይዘው የመጡት ሊሸጡልሽ ነው?» ብላ ደንበኛዋ ሳቀች።

ገብረመድህን አልሳቀም። «ልጄ፣ ሬድዮዬ ካለፈው እሑድ ጀምሮ ይጮኻል። ሕንጻውን ሁሉ አዳርሻለሁ፤ የቀረሽው አንቺ ነሽ። ወንድሜን እንዳልሰማ አደረግሽኝ እኮ!»

ወንድሜን ሲል ሐሊማ ለመመለስ የከፈተችውን አፏን መልሳ ገጠመችው። በክርክር ተረትታ የማታውቅ ሴት ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች።

«ማሌሽ ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ በካይሮ ሰው አነጋገር ይቅርታ እየጠየቀች። «ቆጣሪውን አጠፋዋለሁ።»

ገብታ አጠፋችው። ቤቱ ጨለመ፤ ደንበኛዋም ሳቋን ዋጠች። ሬድዮው ግን ውሃ እንደተረጨበት የጋለ ዘይት መንጫጫቱን አላቆመም።

ገብረመድህን በአገሩ የአየር ኃይል የሬድዮ ሰው ነበር። ከተሰደደ ወዲህ በካይሮው ሰፈር ሞሃንዲሲን ውስጥ የቴሌቪዥን ዲሽ እየጠገነ፣ ከሚስቱ ከመሰረት ጋር የአንድ አሮጌ ሕንጻ የመጨረሻ ፎቅ ላይ ይኖራል። ታናሽ ወንድሙ ፍቅሩ አዲስ አበባ ቀርቷል። ስደተኛ ወንድምህን በስልክ አነጋገርክ ተብሎ ሁለት ጊዜ ከተጠየቀ በኋላ መደወል ተዉ። ፍቅሩ ግን ፈቃድ ያለው የሬድዮ አማተር ነበር፤ ለፍላጎቱ ብሎ በአየር ላይ ከሩቅ አገር ሰዎች ጋር ይነጋገራል። ከአማተሮቹ ትንንሽ ሳተላይቶች አንዷ በሁለቱ ከተሞች መካከል ስታልፍ፣ ከአንዱ የሰማችውን ለሌላው ታወርዳለች። ፍቅሩ እንደሱ አማተር ከሆኑ ከአንድ ቱርክና ከአንድ ኬንያዊ ጋር በእንግሊዝኛ ሰላምታ ይለዋወጥና መጨረሻ ላይ አንዲት የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ይጨምራል፤ «ለሚሰማን ሁሉ ጤና ይስጥልን።»

ገብረመድህን ፈቃድ ስለሌለው መልሶ አያውቅም። ጣሪያው ላይ ቆሞ፣ የሚበር ወፍ እንደሚከተል ሰው አንቴናውን እያዞረ ይሰማና «አሜን» ይላል። የወንድማማቾቹ ደብዳቤ ለዓመታት ይኸው ነበር። በቅርቡ የፍቅሩ ድምፅ እየሳሳ፣ ሳል እያቋረጠው መጣ። ከዚያ ይህ ጩኸት ተነሣና እሱንም ዋጠው።

ደረጃውን ሲወጣ ጩኸቱ በረታ። ገብረመድህን ሬድዮውን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ እንደ ልማዱ ባለበት ቀስ ብሎ ዞረ። ሰውነት ሞገድ ያግዳልና ጩኸቱ የሚደክመው ምንጩ ከጀርባ ሲሆን ነው። የአሳንሰሩን ሞተር፣ የሐኪሙን የመብራት ማስታወቂያ፣ የጎረቤቱን ካሜራ ሁሉ እንዲህ እየዞረ ፈትሿል። የራሱን ቤት ግን አልፈተሸም፤ ከዓመታት በፊት ከሚጮኽ ነገር ሁሉ አጽድቶታልና።

አሁን ጩኸቱ የደከመው ጀርባውን ለራሱ በር ሲሰጥ ነው።

ገባ። መሰረት ማድ ቤት ውስጥ ለሁለት ሰው የማይሆን የትውስት ድስት ታጥባለች። «ለማኅበር ነው» ብላው ነበር። ሬድዮውን እየተከተለ የስፌት መኪናዋ ዘንድ ደረሰና ጎንበስ አለ። ከኋላው የአሮጌው መብራት አዳፕተር ተሰክቷል። መብራቱ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ሽቦው ጫፍ ላይ ምንም የለም። «ይሄ ነገር ሳተላይት ያሳውራል፤ እንዳትሰኪው» ብሎ በፌስታል ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ የሰቀለው ራሱ ነበር። በስሕተት የሚሰካው ሰው የለም።

ነቀለው። ሬድዮው ጸጥ አለ።

እዚያው ቁጢጥ እንዳለ ቀረ። እሑድ ዕለት የመሰረት እኅት ከአዲስ አበባ ደውላ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሚስቱ ሽንኩርት ሳትከትፍ ዓይኗ ቀላ። የአገራቸው ልጅ ላቀች፣ ቀልድ የማታጣው ላቀች፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ትከሻውን ስማው ዝም ብላ ሄደች። አሁን ደግሞ የሐሊማ ማሌሽ።

ሞት ለአንድ ሰው ለብቻው አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ማልዶ ነው የሚረዳው። ካይሮ ውስጥ ደግሞ ሰው የሚሰበሰበው ዓርብ ነው፤ ኒው ካይሮ በየቪላው ተቀጥረው የሚሠሩት ሴቶች የሚለቀቁት ያን ቀን ነው። እስከዚያ መርዶውን አንድ ሰው ይዞ መቆየት አለበት። ቱርኩና ኬንያው ግን ይህን አያውቁም። የፍቅሩን ነፍስ ይማር ብለው በአየር ላይ ይናገሩታል፤ እሱም አንቴናውን ይዞ፣ ጣሪያ ላይ ብቻውን፣ የሚደግፈው ሰው ሳይኖር ይሰማዋል። መሰረት ይህን አስባለች።

የእግሯን ኮቴ ሲሰማ አዳፕተሩን መልሶ ሰካው። ጩኸቱ ተመለሰ።

«ምን ፈልገህ ነው እዚያ?» አለች፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች።

«መቀስ።»

«መሳቢያው ውስጥ ነው።» ወደ ሬድዮው ተመለከተች። «ጩኸቱን አገኘኸው?»

«አላገኘሁትም። ነገ እፈልገዋለሁ።»

«አዎ» አለች መሰረት። «ነገ ይሻላል።»

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ላቀች ገባች፤ ሴቶቹ ተከተሏት፤ ሐሊማ የጸጉር ቤቷን ወንበሮች አሸክማ መጣች። ሽማግሌው ፍቅረ ማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ገብረመድህን፣ እስቲ ቁጭ በል ልጄ።»

ቁጭ አለ። እስኪነግሩት ጠበቀ፤ ሲነግሩትም ከትናንት ጀምሮ አፍኖ የያዘውን ለቀቀው። ከሁሉ አብልጣ የጮኸችው መሰረት ናት፤ ለብቻዋ ይዛ ሰንብታለችና። «ወንድም ጋሻዬ!» ትላለች ደረቷን እየመታች። እሱም በእንባው መካከል እጇን ያዘ።

ቀትር ሲቃረብ ልቅሶው በረደ። ሴቶቹ ስለ አሠሪዎቻቸው፣ ወንዶቹ ስለ ማይክሮባስ ያወራሉ። ሳተላይቷ የምታልፍበት ሰዓት ደርሷል። ገብረመድህን ተነሣ። በስፌት መኪናዋ ጀርባ እጁን ሰደደና አዳፕተሩን ነቀለ፤ ሬድዮውንና አንቴናውን ከጋቢው ሥር አስገባ። በሩ ላይ ከተከመረው ጫማ የራሱን ፈልጎ አጠለቀና ወደ ጣሪያው የሚያወጣውን ደረጃ ያዘ።

ላቀች «ሻይ ያልደረሰው ማነው?» እያለች ትዞራለች። አንዷ ሴት ጠጋ ብላ የለቀቀውን ቦታ ሞላችው።