ከሐረር ሐረር፣ በአወዳይ በኩል

የእትዬ ገላነሽ የዳቦ መጋገሪያ ማሽን ሐረር ፈላና በር ካለው ቤታቸው እዚያው ከተማ ፈረስ መጋላ ወደተከራዩት ሱቅ መድረስ አለበት። በእግር አሥር ደቂቃ ነው፤ ማሽኑ ግን እግር የለውም። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የፈቃድ መርማሪው ይመጣል። ማሽኑን ቦታው ላይ ካላየ ቀጣዩ ተራ ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ የሱቁ ባለቤት ደግሞ ከወዲሁ ሌላ ተከራይ እያማተረ ነው።

የሐረር ታርጋ ያላቸው አይሱዙዎች በሙሉ የነዳጅ ሰልፍ ላይ ናቸው። የተገኘው ኡራኤል ብቻ ነው፤ ከድሬዳዋ ሲሚንቶ አምጥቶ፣ አራግፎ፣ ባዶውን ሊመለስ ሞተር ያስነሳ ሾፌር።

«ብጭንልዎት ደስ ይለኝ ነበር፣ እትዬ። ግን ታርጋዬ የድሬ ነው። ከሐረር ሐረር ከጫንኩ ትራፊኮች ይፈቱታል።»

«ከተፈታማ የማንም አገር ሰው አይደለህም። ያኔ ትጭንልኛለህ።»

«አቦ እትዬ፣ ይቀልዳሉ።»

ተያይዘው ወደ ትራንስፖርት ባለሙያው ሄዱ። አቶ እንደሻው ከደብረ ማርቆስ ተመድበው የመጡ ሰው ናቸው። በቅርቡ ስለ አውሮፓ የጭነት ሕግ የሁለት ሳምንት የኦንላይን ሥልጠና ወስደዋል፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው ሳይቀር በብራስልስ በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው።

«አውሮፓ ቢሆን ይቻል ነበር» አሉ። «የፖላንድ መኪና ጀርመን ገብቶ ጭነቱን ካራገፈ በኋላ፣ በሰባት ቀን ውስጥ እዚያው ጀርመን ሦስት ጊዜ መጫን ይችላል። ከዚያ አራት ቀን ያርፋል። ካቦታዥ ይባላል።»

«እኔ የምለምነው አንድ ጊዜ ነው። ዕረፍቱን ከፈለጉ ዓመት ያርፍልዎታል» አሉ እትዬ ገላነሽ።

«የእኛው ገና ረቂቅ ነው። አሁን የሚሠራው መመሪያ፣ የሌላ ታርጋ የሚጭነው ከክልል ክልል ብቻ ነው ይላል።»

እትዬ ገላነሽ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ ናቸው። «ከአወዳይ ወደ ሐረርስ?»

አቶ እንደሻው መመሪያውን ገለጡ። «አወዳይ ኦሮሚያ ነው፤ ይቻላል። ግን ጭነቱ እዚያ ወርዶ፣ እንደገና እዚያ መጫን አለበት።»

የዳቦ ማሽኑ ሽርሽር ወጣ። አወዳይ ላይ የጫት ጫኝና አውራጆች ስምንት ሆነው አወረዱት። ላባቸውን ጠርገው ሳይጨርሱ መልሳችሁ ጫኑት ተባሉ። አለቃቸው ሙሜ እትዬ ገላነሽን ትክ ብሎ አያቸው።

«ወላሂ እማማ፣ አገሩን አልወደደውም?»

«ናፍቆት ያዘው፣ ልጄ።»

ሲመለሱ ኬላው ላይ የቆሙት አቶ እንደሻው ራሳቸው ነበሩ። የጭነቱን ወረቀት አነበቡ፤ መነሻ አወዳይ፣ መድረሻ ሐረር።

«ስንት ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ?»

«ደርሶ መልስ ሃያ ምናምን» አለ ኡራኤል።

«በቀጥታ ቢሆንስ?»

«አንድም አይሞላ።»

አቶ እንደሻው ማስታወሻቸውን አውጥተው ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፉ።

«ረቂቁ ስድስት ወር የተኛው ማስረጃ ይጎድለዋል ተብሎ ነው። ይህን አያይዤ ነገ አስገባዋለሁ። ይፈርሙልኛል?»

«መጀመሪያ ያሳልፉኝ።»

«እርስዎማ ሕጋዊ ነዎት» አሉ አፈር ብለው።

እትዬ ገላነሽ የመኪናውን በር ተደግፈው ፈረሙ።

መርማሪው በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሲገባ ማሽኑ ተተክሎ፣ ግሎ ጠበቀው። ዙሪያውን አየ፣ ሽቦውን አየ፣ ፈቃዱን ፈረመ። የመጀመሪያው ዳቦ ትንሽ አረረ። አቶ እንደሻው ግን ቆመው ጠብቀው ሁለት ገዙ፤ አንዱን ለራሳቸው፣ አንዱን ለኃላፊያቸው፣ ከረቂቁ ጋር ለማያያዝ።