የወጣበት ምክንያት

አሮጌውን ኮምፒውተር ከጤና ቢሮው ያስወጣችው ራሷ አቢጋኤል ናት። «ዲስኩን ገልብጫለሁ፤ አዲሱ ላይ ኮምፒውተር በሚመስል ፕሮግራም፣ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ይሠራል» ስትል የቢሮው ሰዎች ሳይከፍቱት አመኗት። እሷም ሳትከፍተው አምና ነበር፤ ጉዱ እዚህ ላይ ነው።

አሁን ሲስተር ኛቦል ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች። የክልሉ ቢሮዎች ገና ሲቋቋሙ የተቀጠረች ናት። ለአዋላጅነት ሥልጠና ተመርጣለች፤ የቅጥር ማስረጃዋን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካላደረሰች ግን ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። የወረቀት ፋይሏን ጎርፍ በልቶታል። የቀረው አሮጌው ፕሮግራም ውስጥ ያለው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ጥቁር ስክሪን ላይ ድርቅ ብሏል።

«አሥራ ስድስት ዓመት ሠራሁ። ኮምፒውተር እኔን አያውቅም?» አለች ኛቦል።

«ያውቅዎታል፣ ሲስተር። ዝም ያለበትን ምክንያት አወጣዋለሁ።»

ኃላፊው በበሩ ብቅ ብለው «እንደገና ጫኚው» አሉ። ሦስት ጊዜ ጭናዋለች።

እልህ ያዛት። የቨርቹዋል ማሽኑን ኮድ ከፈተች። የውስጡ ኮምፒውተር ራሱ የማይችለው ነገር ሲገጥመው ሥራውን አቁሞ ወደ ውጭው ፕሮግራም፣ ወደ ዩዘርስፔስ ይወጣል፤ ጉዳዩ ሲያልቅለት ይመለሳል። ለምን እንደወጣ ግን የሚጽፍ አልነበረም። በመውጫው ላይ ጥቂት መስመር ጨመረች፤ በወጣ ቁጥር ምክንያቱ እንዲመዘገብ። ከዚያ አስነሳችው።

ስክሪኑ ሞላ። ሺህ ጊዜ ወጥቷል፤ ሺህ ጊዜም ለአንድ ጉዳይ፦ ፕሪንተሩ ዝግጁ መሆኑን ሊጠይቅ።

«ጋሽ እንየው!»

በአሮጌው ፕሮግራም ዘመን መረጃውን ይተይቡ የነበሩት የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ መነጽራቸውን እየጠራረጉ መጡ።

«ይሄ ፕሮግራም ፕሪንተር ምን ያደርግለታል?»

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት» አሉ ኮራ ብለው። «መብራት በየሰዓቱ እየጠፋ አስቸገረን። መብራት ቢጠፋም መረጃው ወረቀት ላይ እንዲገኝ፣ ጠዋት የቀኑን ገጽ ሳያትም እንዳይከፈት አስደረግኩት። ፕሪንተሩስ የት ሄደ?»

«ከኮምፒውተሩ ጋር አስወጣሁት» አለች፤ ፊቷ በእፍረት ጋለ።

«እኔን ማን ጠየቀኝ!»

ወደ ኮዱ ተመለሰች። ለቨርቹዋል ማሽኑ የውሸት ፕሪንተር ሠራችለት፤ የሚታተመው ሁሉ ፋይል ላይ እንዲጻፍ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ፕሮግራሙ ገጹን አተምኩ ብሎ ተከፈተ። መዝገቧም ወጣ፦ ኛቦል ጩዎል፤ ጤና ረዳት፤ 1986 ዓ.ም.፤ መዝጋቢ እንየው።

«አወቀኝ!» አለች ኛቦል፤ እንባዋ መጣ።

አቢጋኤል በቢሮው ፕሪንተር አተመችላት። ወረቀቱ ወጥቶ ሳያልቅ ኛቦል ጫፉን ይዛ ትጠብቅ ነበር። ገና ከእጇ ሲገባ መብራት ጠፋ።

«አየሽ?» አሉ ጋሽ እንየው።

ውጭ ኛቦል የተሳፈረችባት ባጃጅ ስትነሳ ተሰማ። አቢጋኤል ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸውና ደብተር ገለጠች።

«ሌላስ ምን አዘው ነበር?»