ቆጠራው መምሬ ላይ ሲደርስ

ውጫሌ ላይ ባጃጅ እነዳለሁ። ሥራው ይስማማኛል፤ ተሳፋሪ ከኋላ ስለሚቀመጥ ፊት ለፊት ማውራት አይጠበቅብኝም። ሚስጥርን ላግባሽ ያልኳትም ጀርባዬን ሰጥቼ ነው።

«ዞር ብለህ ብትለው ምን ነበረበት?» አለችኝ። እሺ ማለቷ ነበር።

የተዋወቅነው በጦርነቱ ጊዜ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ውጊያው ሲቃረብ እኛ ከውጫሌ፣ የእሷ ቤተሰቦች ደግሞ ከሐይቅ ከተማ ወጥተን አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ አንድ ግቢ ተጠጋን። የግቢው ባለቤት አባባ ሀምዱ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ወደዚያ የወሰደን አባቴ ነው፤ «የገበያ ወዳጄ ናቸው» ብሎ። ለገበያ ወዳጅ ግን አልጋ አይለቀቅም። አባባ ሀምዱ አልጋቸውን ለአባቴ ሰጥተው እሳቸው መደብ ላይ ይተኙ ነበር። አንድ ቀን የልጅ ልጆቻቸውን «ዘመዳችሁ ነው፣ የእጅ ውኃ አምጡለት» ሲሏቸው አባቴ ሳል ያዘውና «ሲወዱን ነው እንዲህ የሚሉት» አለን።

ወደየቤታችን ከተመለስን በኋላ ዘር ለማስቆጠር ሐይቅ ሄድን። በእኛ በክርስቲያኖች ዘንድ ሰባት ቤት ሳይሞላ የተገናኘ ዘር አይጋባም፤ ስለዚህ ከቀለበት በፊት ሁለቱ ወገኖች ተቀምጠው አባት፣ አያት እያሉ ወደ ላይ ይቆጥራሉ። በሚስጥር በኩል የሚቆጥሩት አያቷ እማማ ሠርክአዲስ ነበሩ። አባቷ አቶ ፈንታሁን አጠገባቸው ተቀምጠዋል።

አባቴ ለዚህ ቀን ነጭ ጋቢውን ለብሷል። በደብራችን «የመምሬ ልጅ» ነው የሚባለው። በንግሥ ቀን ከካህናቱ ጎን የሚቀመጠው እሱ ነው፤ ያ ቦታ በዓመት አንድ ቀን ቢሆንም ዓመቱን ሙሉ ያወራዋል።

«እኔ ውበቱ፤ አባቴ ወልዴ፤ የወልዴ አባት ኃይለ ኢየሱስ» አለና ጋቢውን አስተካከለ። «የኃይለ ኢየሱስ አባት መምሬ ገብረ ኢየሱስ።»

«የትኛው መምሬ ገብረ ኢየሱስ?» አሉ እማማ ሠርክአዲስ።

«የአምባሰሉ። ዳዊት ያስተምሩ የነበሩት።»

«አያቴ! የእናቴ የወለተ ሥላሴ አባት! ኃይለ ኢየሱስን እኮ እናቴ ወንድምጋሼ ነበር የምትለው!» ብድግ ብለው አባቴን አገላብጠው ሳሙት። «ከዚያ ቤት ሰው ቀርቷል ብዬ አላስብም ነበር። ዘመዴ!»

አቶ ፈንታሁን በጣታቸው ሲቆጥሩ ቆዩና «እናቴ፣ ልጆቹ አራተኛ ቤት ላይ ተገናኙ ማለት እኮ ነው» አሉ።

የእማማ ሠርክአዲስ እጅ አባቴ ትከሻ ላይ እንዳለ ቀረ። «ወይኔ ልጆቼን!» አሉ። የቀረበውን ምግብ ማንም አልነካውም።

ማታ ሚስጥር ደወለች። «እንግዲህ አንተንም ወንድምጋሼ ልበልህ?» አለች። መሳቅ አልቻልኩም። እሷም ወዲያው አለቀሰች።

የአባባ ሀምዱ አልጋና «ዘመዳችሁ ነው» ማለታቸው ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው፤ አባቴ ሲቆጥር ግን የእሳቸው ወገን አልተነሣም። በማግሥቱ አርዲቦ ሄድኩ። ስለ ቆጠራው ስነግራቸው ማጭዳቸውን መሬት ላይ አኖሩት።

«አብሽር፣ ተቀመጥ። መምሬ ኃይለ ኢየሱስን አሳደጉት እንጂ አልወለዱትም። የወለደው ሙዓዝ ነው፣ የኛ ቅድመ አያት። ሙዓዝንና ሚስቱን የኅዳር በሽታ ወሰዳቸው። ሁለት ወንድ ልጆች ቀሩ። ትልቁ እዚሁ ቀረ፣ አያቴ ነው። ትንሹን መምሬ ወሰዱት። ተማሪያቸው ሆነ፣ ክርስትና ተነሣ፣ በስማቸው ተጠራ። ወንድማማቾቹ ግን ወላሂ እስኪሞቱ ድረስ ሲጠያየቁ ኖሩ።»

«አባዬ ያውቃል?»

«ታዲያ ጦርነት ሲመጣ ወዴት ሮጠ?» ብለው ሳቁ።

«መጥተው ይንገሩልኝ።»

«እኔ? አልነግርም። አባትህ ያልቆጠረኝን እኔ ሄጄ ልቁጠር? እሱ ከጠራኝ ግን እመጣለሁ።»

አባቴን ፊቱን እያየሁ ልጠይቀው አልደፈርኩም። ከገበያ ስመልሰው፣ ከኋላዬ ተቀምጦ ሳለ፣ መንገዱን እያየሁ «አባዬ፣ ኃይለ ኢየሱስን የወለደው ማን ነው?» አልኩት።

ጥቂት እንደሄድን «አቁም» አለና ወርዶ የቀረውን መንገድ በእግሩ መጣ። ሳምንቱን ሙሉ እኔን ሲያይ ሥራ ይበዛበት ነበር። እሑድ ከቅዳሴ ሲወጣ ግን ጋቢውን ሳያወልቅ ባጃጁ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

«አርዲቦ ንዳ» አለ። «ከዚያ ሐይቅ።»

አባባ ሀምዱን ይዘን እነ ሚስጥር ቤት ገባን። አባቴ ተቀመጥ ቢሉት እንቢ አለ።

«እማማ፣ ያን ቀን ልክ አልቆጠርኩም» አለ። «አባቴ ወልዴ፤ የወልዴ አባት ኃይለ ኢየሱስ፤ የኃይለ ኢየሱስ አባት ሙዓዝ። አባባ ሀምዱ የሙዓዝ የልጅ ልጅ ልጅ ናቸው። መምሬ አሳዳጊያችን ናቸው እንጂ ወላጃችን አይደሉም።»

እማማ ሠርክአዲስ በቀላሉ የሚለቁ አልነበሩም። «መምሬ ክርስትና አንሥተውት ከሆነስ? የክርስትና አባትም ያው ዘመድ ነው!»

«አጥማቂው እሳቸው! በየትኛው እጃቸው ያነሡታል? ያነሣው የደብሩ ገበዝ ነው፤ አያቴ ኃይለ ኢየሱስ ራሱ ነግሮኛል» አለ አባቴ።

«እሱስ አያቴ ሲሞቱ መሬታቸውን የተካፈሉት እናቴና እኅቷ ብቻ ናቸው። ወንድምጋሼ ለምን ድርሻ እንዳልነበረው ጠይቄ አላውቅም» አሉና እማማ ወደ አባባ ሀምዱ ዞሩ። «አንቱ፣ በዚያ በጭንቁ ጊዜ ቤትዎ ስንከርም ይህን ሁሉ ይዘው ነበር?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ አባባ ሀምዱ።

«አገኘሁት ያልኩትን ዘመዴን ወሰዳችሁብኝ» አሉ እማማ። «በሉ፣ ቀለበቱ መቼ ነው?»

ሚስጥር ከጓዳ በር ላይ ቆማ ነበር። በዚህ ጊዜ ዞር ብዬ አየኋት።

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። ግቢያችን ውስጥ ሁለት ሙክቶች ታስረዋል። አንዱ ታርዶ ሲያበቃ ከካህናቱ አንዱ ከዳሱ ውስጥ «የመምሬ ልጅ፣ ና እንጂ፣ ቦታህን ይዘንልሃል!» ብለው አባቴን ጠሩት።

«መጣሁ አባቴ» አለ። «ዘመዶቼ ሳይስተናገዱ ብቀመጥ ነውር ነው።»

ቢላዋውን አጥቦ ለአባባ ሀምዱ ሰጣቸውና የሁለተኛውን ሙክት ገመድ ፈታ። «ይኸ የእኛ፣ የሙዓዝ ቤት ሙክት ነው» አላቸው። «አንቱ ይረዱት።»

አባባ ሀምዱ ቢስሚላህ አሉ። አባቴ እግሩን ያዘላቸው።