ስድሳ ሺህ ብር በአንዴ

ባሌ ፍቃዱ የግዥ ሠራተኛ ነው። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም፤ አዝኜላቸው ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ እርሳስ የሚሸጥን ነጋዴ ሦስት ፕሮፎርማ ካላመጣህ እያለ ሲያመላልስ የኖረ፣ አንዲት ጎማ የጎደለችው ወንበር ከመጣች ክፍያ የሚያግድ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ ቤቴ ተቀምጦ ምን ቸገረኝ ብዬ ነው እኔ ጅሏ የዕቁቤን ስድሳ ሺህ ብር ያስረከብኩት።

ብሩ ለዌብሳይት ነበር። ዓይደር ሰፈር ሁለት ሴቶች ቀጥሬ ለሆቴል የሚሆን አንሶላና መጋረጃ እሰፋለሁ። ለአዲስ አበባ ሆቴሎች ዕቃ የምትገዛ ፀደይ የምትባል ሴት ሥራዬን አይታ ወደደችው። "አለቆቼ ግን ዌብሳይት ላይ ሳያዩ አይፈርሙም" አለችኝ። "እስከ ሰኔ ሃያ ከላክሽልኝ ሦስት መቶ አንሶላ ያንቺ ነው።" ያ ትእዛዝ ካመለጠኝ የመስፊያ ቤቱን ኪራይ የምከፍልበት የለኝም፤ ሴቶቹን አሰናብቼ የስፌት መኪናዎቼን መሸጥ ነው።

"ለእኔ ተይው ሸዋዬ" አለ ፍቃዱ። "ይሄ የእኔ ሙያ ነው።"

ሙያውንማ አየሁት። ዘሚካኤል የሚባል ዌብሳይት የሚሠራ ልጅ ሮማናት አካባቢ ካፌ ውስጥ አገኘና፣ ማኪያቶ ጠጥተው፣ ስድሳ ሺውን በአንዴ በስልክ አስተላልፎለት መጣ። ውል የለ፣ መቼ ያልቃል የሚል ነገር የለ። "ወረቀቱስ?" ስለው "ጨዋ ልጅ ነው፣ አታዋርጂኝ" አለኝ። ለእርሳስ ሦስት ፕሮፎርማ የሚጠይቅ ሰው ለሚስቱ ገንዘብ ማኪያቶ በቃው። ያኔ ነው መጠርጠር የነበረብኝ።

ይሄ በመጋቢት ነው። ሰኔ ሲገባ የነበረኝ አንድ ገጽ ነው፤ ስሜ ተጽፎ ከሥሩ የማላውቀው አልጋ ፎቶ ተለጥፎበታል። ለልጁ ስደውል "ሕራይ እተይ፣ ነገ" ይለኛል በትግርኛ፤ እሺ እትዬ ማለቱ ነው። ነገው አይመጣም። እኔ ልጁን ስረግም እከርማለሁ፤ ፍቃዱ ሶፋ ላይ ተጋድሞ "የዛሬ ልጆች!" እያለ ራሱን ይነቀንቃል።

ሰኔ ስድስት ቀን ራሴ ሄድኩ። ዘሚካኤልን እዚያው ካፌ ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሮ አገኘሁት። ደንግጦ ተነሳና ወንበር ሳበልኝ።

"ብሬን በልተህ የማንን ሥራ ነው የምትሠራው?" አልኩት።

"የሌላ ሰው ነው፣ እተይ። እነሱ ገና አልከፈሉኝም፤ ካልጨረስኩ አይከፍሉኝም።"

ቢያንስ አይዋሽም። የእኔ ተከፍሎ አልቋል፤ ለምን ብሎ ይቸኩላል?

"እኔ እኮ ለሦስት ተከፍሎ ይሰጠኝ ብዬ ነበር" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ሲጀመር፣ ሲጋመስ፣ ሳስረክብ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምሠራው። ጋሽ ፍቃዱ ናቸው እምቢ ያሉት።"

"ለምን?"

ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ። ስድሳ ሺህ ብር ገብቷል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አሥር ሺህ ብር ወጥቷል፤ ወደ ፍቃዱ።

"በአንዴ ልክፈልህና አሥሯን መልስልኝ አሉ" አለኝ። "እርስዎ የሚያውቁ መስሎኝ ነበር።"

ልጁ ፊት አፈርኩ። ፍቃዱ ቢሮው ውስጥ እንደሚለቃቅም አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ፤ ስበላው አይደል የኖርኩት። ቤት ሲገባ ግን እጁን ታጥቦ የሚገባ ይመስለኝ ነበር።

ወረቀት አውጥተን ከልጁ ጋር ተስማማን። ለእሱ የሚቀረው ለፍቃዱ የመለሰው አሥር ሺህ ብር ነው። ፎቶዎቼ ሁሉ ሲገቡ አራት ሺህ። በዌብሳይቱ ማዘዝ በስልክ ተሞክሮ ሲሠራ ሦስት ሺህ። ዌብሳይቱ በእኔ ስም ተመዝግቦ የይለፍ ቃሉ እጄ ሲገባ የመጨረሻው ሦስት ሺህ። ሁሉም እስከ ሰኔ አሥራ ስምንት። ፈረመ።

ፍቃዱ ለምሳ ሲመጣ ወረቀቱን ሰጠሁት። "እስቲ እየው፣ ሙያህ አይደል" አልኩት።

መነጽሩን አደረገና ፊቱ ፈካ። "ጥሩ ነው፣ ግን የመዘግየት ቅጣት የለውም" ብሎ በራሱ እስክሪብቶ ጨመረበት፤ ሥራውን ያዘገየም ክፍያውን ያዘገየም በቀን አምስት መቶ ብር። ከዚያ እንደ ቢሮው ጠየቀኝ። "አሥር ሺው በማን እጅ ነው ያለው?"

"ባንተ።"

መነጽሩን አወለቀ። "ሸዋዬ፣ ይሄ እኮ የተለመደ ነው" አለኝ። "ክፋት አስቤ አይደለም።"

አመንኩት። ያቃጠለኝም እሱ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት አንድ አልጋ ተኝተን ከእርሳስ ነጋዴው ለይቶ አላየኝም።

"ፈርም" አልኩት። ፈረመ።

ልጁ በቀኑ ጨረሰ። ፍቃዱም አንድ ቀን ሳያሳልፍ ከደመወዙ እየቀነሰ ላከ፤ ቅጣቱን ራሱ ነው የጻፈው። ፀደይ ሰኔ አሥራ ዘጠኝ ፈረመች።

የዚያን ዕለት ፍቃዱ መስፊያ ቤቴ ድረስ መጣና አጠገቤ ቆመ። ሴቶቹ እስኪወጡ ጠበቀ። ይቅርታ ሊለኝ ነው ብዬ የስፌት መኪናዬን አቆምኩ።

"ለአሥር ሺው" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ለቢሮ የማወራርድበት ደረሰኝ ትጽፊልኛለሽ?"