የአንድ ደቂቃ አድልዎ

በላቦራቶሪያችን «ደወል» ይሉኛል። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፑን የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ። ተመራማሪ ናሙናውን ይዞ ሲመጣ የምስሉን ትኩረት ከተፈለገው ቦታ ጎን ባለው ላይ አስተካክላለሁ፣ ወደ ተፈለገው እዞራለሁ፣ አንዴ አነሳለሁ፣ «ቀጣይ» እላለሁ። ለዶክተርም ለፕሮፌሰርም ፊት አልሰጥም፤ ደወል ማንን ይለያል?

የእህቴ ልጅ ስትመጣ ግን ደወሉ ይበላሻል። የምታጠናው የመኪና ጭስ የሚያጠራ ካታሊስት ነው፤ ከሴሪየም ኦክሳይድ የተሠሩ፣ ከፀጉር በብዙ ሺህ እጥፍ የሚቀጥኑ ዘንጎች። አጎት አይደለሁ? የማይክሮስኮፑን የኤሌክትሮን ጨረር እዚያው ዘንጉ ላይ እንደተከልኩ ትኩረቱን አጠራለሁ፣ ደግሜ አጠራለሁ። ፎቶዎቿ ከማንም ሰው ፎቶ ይልቅ ጥርት ያሉ ነበሩ። በየዘንጉ ላይም ጥቃቅን ቀዳዳዎች ታዩ። ጭሱ የሚጠራው በነዚህ ነው ብላ ሦስተኛውን ምዕራፍ ሙሉውን ጻፈችባቸው። እኔም ዘመድ ሰብስቤ ስለ ቀዳዳ አስተማርኩ፤ እህቴማ ወንፊት ባየች ቁጥር ልጇ ትዝ ትላታለች።

የመመረቂያ ፈተናዋ ሰኞ ሊሆን ሐሙስ ጠዋት፣ መሣሪያውን የምፈትሽበት ናሙና አጣሁና ከእሷ ብልቃጥ ትንሽ ዱቄት ወሰድኩ። እሷ ስለሌለች እንደ ልማዴ ጎን ላይ አስተካክዬ አንዴ አነሳሁ። ቀዳዳ የለም። ሌላ ዘንግ ሞከርኩ፤ የለም። ከዚያ አንዱን ዘንግ፣ ለእሷ እንደማደርገው፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ አፈጠጥኩበት። ዓይኔ እያየ ተበሳሳ። በሺው የገዛ ጨረሬ ነበር። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይሄ ነው።

ዝም ብል ማን ያውቃል? አልዋሽም፣ እስከ ምሳ ይህንኑ ሳስብ ቆየሁ። ከሰዓት በኋላ ስትመጣ ግን ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጌ ነገርኳት። ምዕራፍ ሦስትን ውሃ በላው። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

የቀዳዳዎቹን ፎቶ በእጇ ያዘችና፣ «እኔ ደግሞ ጎበዙ ዱቄቱ መስሎኝ ነበር» አለች። ቀጠለችና፣ «አጎቴ፣ በናትህ ዛሬ አትውደደኝ። እንደ ባዕድ አንሳልኝ።»

አነሳሁላት። አርባ ፎቶ፣ ሁሉም ደብዘዝ ያሉ፤ ዘንጎቹ ግን ድፍን። እሷም ምዕራፉን ከነስህተቱ ታሪክ እንደ አዲስ ጻፈችው።

ሰኞ ከኋላ ተቀምጬ ሰማሁ። ከፈታኞቹ አንዱ የቀድሞዎቹ ፎቶዎች እንዲያ ጠርተው አዲሶቹ ለምን እንደደበዘዙ ጠየቋት። የእህቴ ልጅ ወደ እኔ ዞር አለች።

«ጥርት ያሉትን ያነሳቸው አጎቴ ነው። እውነተኞቹን ያነሳው ግን ደወል ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። እኔ መሐረቤን ፈለግሁ። ማለፏ ሲነገር መሐረቡ ገና እጄ ላይ ነበር።