ከመጋረጃው ፊት የሚወጣው ሰው

ብትል ምን አለበት፣ ጉንፋን ይዞኛል ብትል ማን ይመረምራታል፣ በኦስትሪያዋ ከተማ በክላገንፉርት በጥር ብርድ የማያስል ሬሳ ብቻ ነው፣ ሮስቪታ ኦፔራ ቤቱ ውስጥ ከመልበሻ ክፍሏ መስታወት ፊት ተቀምጣ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ድምፅ አታወጣም፣ ፈርታለች። በዛሬው ዘፈን ያቺን ከሁሉ ከፍ የምትለውን ድምፅ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ሞክራታለች። አልመጣችም። ደግማ ሞከረች፣ መጣችና መሐል ላይ ተሰነጠቀች፣ እንደ አሮጌ ሳህን።

ቡርጊ ከኋላዋ ሆና የቀሚሱን ማሰሪያ ትጎትታለች፣ ሃያ ዓመት ያለበሰቻት ሴት ናት፣ ኧረ ሆድዎን ሳብ ያድርጉት ወይዘሮ ሮስቪታ፣ ድምፅ ከሆድ ይወጣል ቢባል በድንች ይሞሉታል እንዴ፣ ብቻዋን ትስቃለች።

በሩ ላይ አቶ ኦበርሞዘር ቆሟል፣ ጥቁር ሱፍ ለብሶ። የምሽቱ ኃላፊ ነው። ዘፋኝ ሲታመም ከመጋረጃው ፊት ወጥቶ የሚናገረው እሱ ነው፣ ወይዘሮ እገሊት አሟታል፣ ግን ለእናንተ ስትል ትዘፍናለች፣ ይቅርታችሁን ትለምናለች፣ ከዚያ በኋላ ድምፅሽ ቢሰበርም ይጨበጨብልሻል። ልናገር ወይስ ልተው፣ ይላል፣ አሥር ደቂቃ ነው የቀረን የኔ እመቤት።

አሥር ደቂቃ። መድረክ ላይ በቆየችበት ሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ቀን አልተነገረላትም፣ በትኩሳት ዘፍናለች፣ አባቷን በቀበረች ማግስት ዘፍናለች፣ ብርድ በመጣ ቁጥር በሚያስነግረው በወፍራሙ ዘፋኝ በኤግበርት ስትቀልድ ኖራለች፣ ጉንፋንህ እንዴት አደረ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው፣ እያለች።

ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ ጉሮሮዋን አየላት። ንጹሕ ነው። እንዴት ንጹሕ፣ በደንብ ይዩት እንጂ፣ አየሁት እኮ፣ ሃምሳ አራት ዓመትዎ ነው እንጂ በሽታ የለም። በሽታ ቢሆንማ ይድን ነበር። አዲሱ የኦፔራ ቤቱ ዳይሬክተር ደግሞ አዳራሹ ፎቅ ላይ ተቀምጧል፣ ለከርሞ ይህን ሚና ለእሷ ይተውላት ወይስ ለዚያች አዲስ ለመጣችው ለጋ ዘፋኝ ይስጠው ዛሬ ሰምቶ ይወስናል። አባቷ ሥጋ ሻጭ ነበር፣ የቆየውን ሥጋ ቆይቷል ብሎ ነበር የሚሸጠው፣ መንደሩ ሞኝ ይለው ነበር፣ እሷም ትለው ነበር።

ይናገሩ፣ ትላለች። አፏ ነው ያለው።

የቡርጊ እጅ ማሰሪያው ላይ ቆመ፣ ደግሞ ምን አመመዎት፣ ምሳዎን እንደ በሬ አይደል እንዴ የበሉት፣ ዝም በይ ቡርጊ፣ እሺ ዝም አልኩ፣ በሬ ግን አይታመምም።

የኦበርሞዘር ጫማ ይርቃል፣ ቋ፣ ቋ፣ አሁን ሕዝቡ ያዝናል፣ ከዚያ ያጨበጭባል፣ ለማን፣ ለጉንፋኑ፣ ለሌላት ጉንፋን፣ ጥሩ ብትዘፍን እንኳ ታማ እንዲህ ከሆነች ይላሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንትስ፣ ደግሞ ጉንፋን፣ በፋሲካስ፣ እስከ መቼ፣ ብድግ ብላ ትሮጣለች፣ ወይዘሮ ሮስቪታ ጀርባዎ፣ ኧረ ጀርባዎ ተከፍቷል፣ ደረጃው፣ ጨለማው፣ ገመዶቹ፣ የኦበርሞዘርን እጅጌ ልትይዝ ስትል መጋረጃውን ገልጦ ወጣ።

ኦ፣ ይላል አዳራሹ። ጥቁር ሱፍ ብቻውን ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ኦበርሞዘር ዞር ሲል በስንጥቁ በኩል ያያታል። ራሷን ትወዘውዛለች። አይሆንም። ሰውዬው አፉን ከፍቶ ቀረ፣ ሺህ ሰው እያየው፣ ላቡ ከዚህ ይታያል፣ ክቡራንና ክቡራት፣ ይላል፣ እባካችሁ፣ እባካችሁ ስልካችሁን ዝጉ።

ሳቅ። ረጅም ሳቅ። ሲመለስ በጆሮዋ፣ ገደሉኝ እኮ የኔ እመቤት፣ ቡርጊ ከኋላ እያለከለከች ታስራታለች፣ ሙዚቃው ጀምሯል፣ ስለ እሷ ማንም ምንም አልተናገረም፣ ድምፁ የሚሰነጠቅም ከሆነ የራሷ ነው፣ ማንም አይሸከምላትም፣ መጋረጃው ይነሣል፣ ብርሃን፣ ትንፋሿን ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ አፏን ትከፍታለች፣